የደረጃው ተራ

ሬሳውን ያገኘው የውሃው ሰው ነው።

ዚጊ ኩባሽ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ወደ ሰባተኛው ሰፈር ይመጣል። ሥራው ውሃ መድፋት ነው። ለሰሚው ቀልድ ይመስላል። ቧንቧው የተቀበረው የሾርኒትስ ከተማ የክር ፋብሪካ ስምንት ሺህ ሠራተኛ በነበረው ጊዜ ነው። ፋብሪካው ከተዘጋ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ሰዉም እንጀራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ጀርመን ነጎደ። የሚጠጣው ሲጠፋ ውሃው ቱቦ ውስጥ ተኝቶ ይሸታል። ስለዚህ ዚጊ ባዶ ቤት እየከፈተ ይገባል፣ ቧንቧውን ሃያ ደቂቃ ያፈስሰዋል፣ ዘግቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

የዚያን ዕለት ቁጥር አሥራ አራት ገብቶ ውሃውን ከለቀቀ በኋላ ሲጋራ ሊያጨስ ወደ መተላለፊያው ወጣ። ወደ ምድር ቤቱ የሚያስወርደው በር ገርበብ ብሏል። አንዲት የቤት ጫማ ደፉ ላይ ተገልብጣለች። ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ወጥቶ ፖሊስ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ፤ ውሃውን እንኳ ሳይዘጋ። ገርሊንድ ኖዋክ ስትደርስ ገና ይንሿሿ ነበር።

ኢንስፔክተር ገርሊንድ አድራሻ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያደገችውም እዚሁ ሰፈር፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ቁጥር ሃያ ሁለት ነው። ቁጥር ሃያ ሁለት አሁን የለም። ከሁለት ዓመት በፊት ፈርሶ ሣር ተዘርቶበታል። የእናቷ ሳሎን በነበረበት ከፍታ ላይ ቁራ ይበራል።

«ወደዚያ አትዪ» አላት ዴትሌፍ ከመኪናው እየወረደ። ዴትሌፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት የሠራ ወፍራም ባልደረባዋ ነው። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል፤ ከኪሱ የሚበላ ነገር አይጠፋም።

«አላየሁም።»

«አይተሻል። ሁልጊዜ ታያለሽ።»

ሟቹ ኤክሃርት ሌኒክ ይባላል። ሰባ አንድ ዓመቱ፣ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ጠጋኝ የነበረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አንድ ልጁም ኡልም ከተማ የሚኖርበት ሰው። ከአሥራ አንዱ እርከን ግርጌ ተዘርግቷል። አንድ እጁ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሁለተኛው እርከን ላይ ቀርቷል።

ሐኪሟ ወደ ኋላው ነው የወደቀው አለች፤ የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ደረቱ ላይ ደግሞ አግድም ሰንበር አለ። የአውራ ጣት ውፍረት ባለው ዱላ ወይ ብረት የተገፋ ነው። ገርሊንድ ወዲያው ሞቶ እንደሆነ ጠየቀቻት። ሐኪሟ መልስ ከመስጠት ይልቅ የሽማግሌውን ጣቶች ገልብጣ አሳየቻት። ጥፍሮቹ ሥር የግድግዳው ኖራ ገብቷል።

«አንድ ሰዓት፣ ምናልባትም ሁለት ሰዓት ቆይቷል» አለች። «ሁለት እርከን ወጥቷል።»

ጊዜው አርብ ነው፤ ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው። ቅዝቃዜው ስላለ ከዚያ በላይ ማጥበብ አልቻለችም።

ከምድር ቤቱ ኮርኒስ ላይ አራት ሜትር የሚሆን የመዳብ ቱቦ ተቆርጦ ተወስዷል። ዴትሌፍ ሽቅብ አየና ነገሩ አለቀ አለ፤ የመዳብ ሌቦች ናቸው፣ ሽማግሌው ደረሰባቸው፣ በብረት ገፉት። ባለቤት የሌለው ቤት ከሞኝ ደጃፍ ይብሳል፤ ሞፈሩም ቀንበሩም ይቆረጣል።

ወደ ሟቹ ቤት፣ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጡ። ሕንጻው አምስት ፎቅ ነው፤ በየፎቁ ሁለት ቤት። ከአሥሩ ስምንቱ ባዶ ናቸው። ደረጃው ግን የወለል ሰም ሰም ይሸታል፤ ያብረቀርቃል። መግቢያው ላይ፣ ከፖስታ ሣጥኖቹ በላይ፣ በላስቲክ የተለበጠ ደብዳቤ በአራት ሚስማር ተመትቷል። ቤቶቹን የሚያስተዳድረው ድርጅት የጻፈው ነው። ቃሉ አጭር ነው፦ በዚህ መግቢያ ቢያንስ ሁለት ቤተሰብ እስካለ ድረስ ማሞቂያው አይዘጋም፣ ሕንጻውም አይፈርስም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ ዴትሌፍ።

«አንድ ቀርቷል» አለች ገርሊንድ። ሁለት ነበሩ። አሁን አንድ።

በሌኒክ በር እጀታ ላይ በክር የተንጠለጠለች የመዳፍ ስፋት ያላት የእንጨት ሰሌዳ አለች። ጠርዟ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። «ደረጃ የማጽዳት ተራ የዚህ ቤት ነው» ትላለች። ዴትሌፍ ገጠር ያደገ፣ የራሱ ቤት ያለው ሰው ነውና ምንድን ናት ብሎ ጠየቀ። ገርሊንድ ነገረችው። አንድ ሳምንት ያንተ ነው። ደረጃውን ከአምስተኛ ፎቅ እስከ መግቢያው ታጸዳለህ፣ ቅዳሜ ሰሌዳዋን የጎረቤትህ በር ላይ ትሰቅላለህ፣ ከዚያ ሳምንቱ የሱ ነው። እናቷ ሰሌዳዋ በሯ ላይ ካለች እንግዳ አትቀበልም ነበር።

«ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶም?»

«ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶም።»

ቤቱ ውስጥ ምንም አልተነካም። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ አንድ ካርቶን አለ፤ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዱባ የያዙ ስድስት ጠርሙሶች በጋዜጣ ተጠቅልለው ተደርድረውበታል። ወደ ምድር ቤት ሊያወርዳቸው ይሆናል ብለው አለፉት።

*

ሁለተኛዋ ነዋሪ ወይዘሮ ሮስቪታ ዶምኬ አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ፀጉሯ በወጉ የተጠቀለለ። ሠላሳ ሦስት ዓመት እዚህ ቤት ኖራለች። ገርሊንድን ገና በሩ ላይ አወቀቻት።

«የኢርምጋርድ ልጅ» አለች። «በፋብሪካው መፍተያ ክፍል ከእናትሽ ጎን ነበርኩ። አፍሽ የእሷ ነው። እግርሽን ጥረጊ።»

ሁለቱም ፖሊሶች እግራቸውን ጠረጉ።

ወይዘሮ ዶምኬ አላለቀሰችም። ሐሙስ ጠዋት በአውቶቡስ ኮትቡስ ወዳለችው እህቴ ጊዘላ ሄጄ እሁድ ማታ ተመለስኩ አለች። ስትገባ ምድር ቤቱን አላየችም፤ ምን ልትሠራ? ሌኒክ እንዴት ያለ ሰው ነበር አሏት።

«ደረጃ ሲያጸዳ ጥግ ጥጉን ይዘላል። ሌላው ደህና ነበር። ማታ ማታ የማሞቂያውን ቱቦ በቁልፍ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል፤ እኔም ሁለቴ እመታለሁ። አለሁ ማለት ነው። ይኸው እሱ ነበር።»

ሊወጡ ሲሉ ወይዘሮ ዶምኬ ሁለት ነገር ጠየቀች። አንደኛው፣ ያቺን ሰሌዳ ፖሊስ ይወስዳታል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛውን ስትጠይቅ ወደ መስኮቱ ዞራ ነበር።

«አሁን እኔን ምን ያደርጉኛል?»

ገርሊንድ ደብዳቤው ምን እንደሚል ታውቃለች። «አላውቅም ወይዘሮ ዶምኬ» አለች።

«ታውቂያለሽ። እናትሽንም አውጥተሻታል።»

እውነት ነው። ቁጥር ሃያ ሁለት ሊፈርስ ሲል የእናቷን መልቀቂያ የፈረመችው ገርሊንድ ናት። አዲሱ ቤት ሊፍት አለው፣ በረንዳ አለው፣ ነርስ አለው ብላ ነበር። ኢርምጋርድ በአዲሱ ቤት አርባ ቀን ኖረች። በሽታ አልነበረባትም። ማለዳ ተነሥታ በመተላለፊያው እየዞረች ተራው የማን ነው ብላ ትጠይቅ ነበር፤ ነርሶቹ ይስቁባታል።

*

የመዳብ ሌባውን ለመያዝ ሩቅ አልሄዱም። ሾርኒትስ ውስጥ መዳብ የሚቆርጥ ሁሉ ይታወቃል፤ ዋናው ማርኮ የሚባል ጥርሰ ወላቃ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከቤቱ ጓሮ ሁለት ጆንያ ቱቦ ተገኘበት። ዴትሌፍ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ዳቦውን እየገመጠ አርብ ከሰዓት የት ነበርክ አለው።

ማርኮ ሳቀ። «አንተ ዘንድ።»

«ምን?»

«እዚሁ። ሐሙስ ማታ ያዛችሁኝ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ለቀቃችሁኝ። አርብ ምሳዬን ያመጣህልኝ ራስህ ነህ። ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር።»

ዴትሌፍ መዝገቡን አስመጥቶ አየ። ጆሮው ቀላ። የቁጥር አሥራ አራትን ቱቦስ ሲባል ማርኮ አልካደም፤ በገና ሰሞን ነው የቆረጥኩት፣ አፉን እዩት፣ አረንጓዴ አውጥቷል አለ። ሄደው አዩት። አረንጓዴ አውጥቷል።

«እንግዲህ በዓለም ላይ ያለው ጥሩ ምስክር እኔው ሆንኩ» አለ ዴትሌፍ። የቀረውን ዳቦ ሳይጨርስ ወደ ኪሱ መለሰው፤ ይህ እሱ ዘንድ ትልቅ ሐዘን ነው።

*

የቤቶቹ ድርጅት ኃላፊ አቶ ሄንሼል ይባላል። ቢሮው ግድግዳ ላይ የከተማው ካርታ አለ፤ ሰባተኛው ሰፈር ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተቀብቷል። ቀይ የሚፈርሰው ነው። ቁጥር አሥራ አራት ብቻ በቀዩ መካከል እንደ ብጉር ነጭ ሆና ቀርታለች።

ሄንሼል ክፉ ሰው አይመስልም። ያልተኛ ሰው ነው የሚመስለው። ከተማችን ሰውየው ከስቶበት የሰፋ ካፖርት ሆኗል፣ ከጫፍ ከጫፉ መቁረጥ ነው ያለው ዘዴ አለ። ለሁለት ሽማግሌ ሲባል ሦስት ኪሎ ሜትር ቱቦ ይሞቃል። ያ ሙቀት አፈሩን ነው የሚያሞቀው፤ በክረምት በረዶው መሬቱ ላይ በመስመር ሲቀልጥ ይታያል፣ ድመቶችም እዚያው መስመር ላይ ይተኛሉ።

«ሰው እንዲመለስ ብዬ ጸልያለሁ» አለ። «አልመጣም። ሰው ሳይኖር ቤቱ ብቻውን ምን ይሁን ትያለሽ? እስኪ አንቺ ንገሪኝ፤ የሰፈሩ ልጅ ነሽ።»

ገርሊንድ አርብ ከሰዓት የት እንደነበረ ጠየቀችው። ስብሰባ ላይ ነበርኩ አለ፤ እጁ ካርታው ላይ ያለውን መርፌ እየነካካ።

ስብሰባው ሐሙስ ነበር። ይህን ዴትሌፍ ከጸሐፊዋ ሰማ። አርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ የሄንሼል ነጭ መኪና ቁጥር አሥራ አራት በር ላይ ቆማ ታይታለች፤ ያየችው ጥግ ላይ ቋሊማ ጠብሳ የምትሸጠው ሴት ናት። በዚያ ሰፈር መኪና ከቆመ ደንበኛ መጣ ብላ ትነሣለች፤ ስለዚህ አትረሳም።

ረቡዕ ጠዋት ሄንሼልን ወደ ጣቢያው አስጠሩት። ዴትሌፍ አንዴ ጮኸበት። ሰውየው ቦርሳውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የመልቀቂያ ስምምነት ነው። ከታች «ኤ. ሌኒክ» ተብሎ ተፈርሞበታል። ቀኑ አርብ ነው።

ሐሙስ ደውሎ ና ያለው ሌኒክ ራሱ ነው። ጉልበቱ ደክሟል። በጥር አንድ ሌሊት ገንዳ ውስጥ ወድቆ እስኪነጋ መነሣት አቅቶት ነበር። ልጁ ኡልም ክፍል አዘጋጅቶለታል። ሲፈርም አለቀሰ፤ ከዚያ ለሄንሼል አንድ መለኪያ ቀድቶ ሰጠው።

«ለምን ደበቅክ?» አለችው ገርሊንድ።

«ፈርሞ በዚያው ሰዓት ሞተ ሲባል ማን ያምነኛል? ከተማው ሁሉ ገዳዩ ነው የሚለኝ። አሁንም ይለኛል።»

ገርሊንድ ወረቀቱን አገላበጠች። ሄንሼል ለመግደል ምክንያት የለውም። የሚፈልገውን ይዞ ነው የወጣው። ወረቀቱን ስትመልስለት፣ ሌላ ምን አለ፣ አንድ ቃልም ብትሆን ንገረኝ አለችው።

ሄንሼል አስታወሰ። «ለወይዘሮ ዶምኬ ደብዳቤ እንዳትልክ አለኝ። እኔ ራሴ እነግራታለሁ አለ።»

*

ኮትቡስ ያለችው ጊዘላ በስልክ የተናገረችው አልተለወጠም። እህቴ ሐሙስ ጠዋት መጣች፣ እሁድ ማታ ሄደች። ሳትጠየቅ ነው የምትመልሰው፤ እንደ ጸሎት አጥንታዋለች።

«ለእህትሽ ብትጠየቂ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለ ዴትሌፍ።

ገርሊንድ ብቻዋን ወደ ሰፈሩ ነዳች። ዚጊ ኩባሽ መንገድ ዳር ያለውን የእሳት አደጋ ቧንቧ ከፍቶ ውሃው በሣሩ ላይ ሲወርድ ቆሞ ያያል። የእሷን መኪና አይቶ ሲጋራውን ጣለ። የዚያን ዕለት ውሃውን ሳልዘጋ መሄዴ አሳፍሮኛል አለ። ከዚያ ሌላም ኀፍረት አለብኝ ብሎ ራሱን አከከ።

ሐሙስ ከሰዓት ብርዱ ሲጠና ቱቦው እንዳይፈነዳ ተብሎ ተልኮ ነበር። ቁጥር አሥራ አራትን ከታች እስከ አምስተኛ ፎቅ ወጥቶ ባዶ ቤቶቹን ሁሉ ፈተሸ። ከጉድጓድ ነበር የመጣው፤ ቦቲው ቢጫ ሸክላ አፈር ነበር።

«ደረጃውን እንዳለ አበላሸሁት» አለ። «አሮጊቷ ብታገኘኝ በምላሷ ትገድለኝ ነበር። ደግነቱ አላየችኝም። ይቅርታ በዪልኝ፤ እኔ ደፍሬ አልነግራትም።»

ገርሊንድ ቆመች። ውሃው ጫማዋን ሲነካው አላወቀችም።

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ አንዲት ፍንካች ጭቃ አልነበረችም። የወለል ሰም ይሸት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት የረከሰ ደረጃ ሐሙስ ጠዋት አይጸዳም። ሌኒክ አላጸዳውም፤ እሱ ጥግ ይዘላል። ጥጎቹ ግን ንጹሕ ነበሩ። ሰው በሌላው ተራ አያጸዳምና ሳምንቱ የወይዘሮ ዶምኬ ነበር። ሰሌዳዋ ግን ሌኒክ በር ላይ ነበረች፤ ተረኛው ሥራውን ጨርሶ አስረክቧል ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት ዓይኗ ያየውን ልቧ ያላየው ለዚህ ነው። ሰሌዳዋ መሆን ባለባት ቦታ ስለነበረች ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ስታያት ኖራለች።

*

ወይዘሮ ዶምኬ ድንች ቀቅላ ከአይብና ከተልባ ዘይት ጋር ልትበላ ቀርባ ነበር። ለገርሊንድም ሳሕን አወጣች። ገርሊንድ ተቀመጠች። አልበላችም።

«አይብሽን አታስቀይሚው» አለች ወይዘሮ ዶምኬ። «እናትሽ ታፍርብሽ ነበር።»

ገርሊንድ በእጇ የረባ ማስረጃ እንደሌለ ታውቃለች። ሸክላ አፈር ታጥቦ ሄዷል። እህት ለእህት ትመሰክራለች። ሴትዮዋ አላውቅም ብላ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ይዛ ነው የመጣችው፤ ያንንም የተማረችው ፖሊስ ትምህርት ቤት አይደለም።

«ወይዘሮ ዶምኬ፣ ሐሙስ ጠዋት ሄድኩ ብለውኛል።»

«ብያለሁ።»

«ሐሙስ ከሰዓት የውሃው ሰው ደረጃውን ከላይ እስከ ታች በጭቃ አበላሽቶታል። ሳምንቱ የእርስዎ ነበር።» ገርሊንድ ድንቹን አየች እንጂ ሴትዮዋን አላየችም። «እንግዲህ ሳያጸዱ ነው የሄዱት። ጭቃውን ትተው ሰሌዳዋን ሽማግሌው በር ላይ ሰቅለው። ይጻፍ እንዴ እንዲህ ብለን? ሮስቪታ ዶምኬ ተራዋን ሳትጨርስ አስረከበች ብለን?»

ወይዘሮ ዶምኬ ሹካዋን አስቀመጠች። ዝም ማለት ትችል ነበር። ገርሊንድ በልቧ ዝም በይ አለች፤ እውነት ነው፣ በዚያች ደቂቃ ዝም እንድትልላት ፈልጋ ነበር።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት» አለች አሮጊቷ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። «ሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ሳላጸዳ አስረክቤ አላውቅም። ባሌ የሞተ ሳምንት እንኳ። ማን ነው እንዲህ የሚለኝ? ያን ጭቃ እኔ በእጄ ነው ያጠብኩት። አርብ። እያንዳንዱን ጥግ።»

ከዚያ የተናገረችውን ሰማችው። እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

ወይዘሮ ዶምኬ ቀሪውን እንደ ገበያ ወሬ፣ በደረቁ፣ ወደ ግድግዳው እያየች ነገረቻት። ጉዞዋ ለቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ስለዚህ ደረጃውን አርብ ልታጸዳ ወጣች። ባልዲዋንና መወልወያዋን ይዛ ወደ ታች ወርዳ ከምድር ቤቱ ቧንቧ ውሃ ልትቀዳ ስትል ሌኒክ እዚያው በር ላይ ቆሟል። ዕቃውን የሚያሽግበት ባዶ ካርቶን ከምድር ቤቱ ሊያወጣ ነበር። የአረቄ ሽታ አለው። ፈረምኩ አላት።

«ሳቀ እንዴ?» አለች ገርሊንድ።

«አልሳቀም። እጄን ያዘኝ። ተዪው ሮስቪታ፣ ለማን ነው የምታጸጂው፣ በጸደይ አፍራሹ ማሽን ይመጣል አለኝ። ለማን ነው የምታጸጂው አለኝ። በመወልወያው እጀታ፣ እንዲህ፣ በሁለት እጄ ገፋሁት። ከፊቴ ዞር እንዲልልኝ ነው። በሩ ክፍት መሆኑን አላሰብኩም። ይሁን፣ አስቤም ይሆናል።»

ገርሊንድ ለምን ሰው አልጠሩም ብላ አልጠየቀችም። ሌላ ነገር ነው የጠየቀችው።

«ወዲያው አልሞተም። ሰምተውታል?»

«ስሜን ይጠራ ነበር።»

«እርስዎስ?»

«ውሃ ከቤቴ ቀድቼ ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ።» አሮጊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየቻት፤ ይህን የሰፈር ልጅ እንዴት አጣችው በሚል ዓይን። «ደረጃ የሚጸዳው ከላይ ወደ ታች ነው። አምስተኛውን ጨረስኩ። ይጠራኛል። አራተኛውን፣ ሦስተኛውን። ልጄ፣ ፈርሞ ነበር እኮ። ቢተርፍም ይሄዳል፣ ቢሞትም ይሄዳል። ቤቱ በሁለቱም አልቆለታል። አውቄዋለሁ። መግቢያው ጋ ስደርስ ዝም ብሎ ነበር። ሰሙን ቀባሁ። በሩን ትንሽ መለስኩት፣ እንዳይበርደው። ልብሴን ለውጬ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩሉ አውቶቡስ ጊዘላ ጋ ሄድኩ።»

«ሰሌዳዋስ?»

ወይዘሮ ዶምኬን ጥያቄው ግራ አጋባት።

«ተራው የሱ ነበራ» አለች።

ከመውጣታቸው በፊት ሳሕኖቹን አጠበች፣ አደረቀች፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደረደረች። ገርሊንድ ጠበቀቻት። ደረጃውን ሲወርዱ አሮጊቷ በየእርከኑ ታያለች። ከሰኞ ወዲህ የፖሊስ ቦቲ፣ የሐኪም ጫማ፣ የቃሬዛ ተሸካሚዎች እግር ወጥቶ ወርዶበታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመች። የሌኒክ በር በፖሊስ ወረቀት ታሽጓል፤ ሰሌዳዋ አሁንም እጀታው ላይ ናት።

«ይኼ ሳምንት አልተጸዳም» አለች።

*

መጋቢት ሲጋመስ ሄንሼል ደወለ። ፖሊስ በቤቱ ጉዳይ ጨርሶ እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። የፈራ ሰው ድምፅ ነው። ቁጥር አሥራ አራት ላይ የሚኖር የለም፤ ማሞቂያውም ተዘግቷል። ጨርሳችሁ ከሆነ የምትፈረም አንዲት ወረቀት አለች አለ።

ገርሊንድ ፈረመች። ከእናቷ መልቀቂያ ቀጥሎ ሁለተኛዋ ናት።

ማሽኑ የመጣ ዕለት ዴትሌፍ አትሂጂ አላት። ሄደች፤ እሱም ኪሱን ሞልቶ ተከተላት። ዚጊ ኩባሽ እጁን ኪሱ ከትቶ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ከነገ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ አንድ ቤት ቀነሰልኝ አለ። የሚያስቅ ነገር የተናገረ መስሎት ነበር፤ ማንም አልሳቀም።

እንዲህ ያሉ ቤቶች አይናዱም። በክሬን የኮንክሪት ግድግዳውን ጠፍጣፋ በጠፍጣፋ ያነሡታል፣ እንደተገጣጠሙበት፤ ከላይ ጀምረው። አምስተኛው ፎቅ በሁለት ቀን ወረደ። ከዚያ የወይዘሮ ዶምኬ ወጥ ቤት አየር ላይ ተገልጦ ታየ፤ ግድግዳው ላይ ትንንሽ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ የታተመበት ወረቀት ተለጥፏል፤ መደርደሪያው በነበረበት ቦታ ቀለሙ አልለቀቀም። ገርሊንድ ሠራተኞቹ እያንዳንዱን ጠፍጣፋ ሰንሰለት እስኪያስሩለት ቆማ ታያለች። ከላይ ወደ ታች። ዴትሌፍ ዳቦ አቀበላት፤ ተቀብላ ያዘችው።

ወይዘሮ ዶምኬ ቤቱ ሲፈርስ አላየችም። ፍርድ ሳይደርስባት፣ በእስር ቤቱ ሆስፒታል፣ በታሰረች በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ሞተች። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ገርሊንድ ቀኖቹን ቆጠረች፤ ከእናቷ በአራት ያንሳል።

በመጨረሻው ሳምንት ሄንሼል ምድር ቤቱን ቆፍሮ ማውጣት ለማንም አይጠቅምም ብሎ ወሰነ። አሸዋ አፍስሰው ሞሉት፤ አፈር አለበሱት፤ ሣር ዘሩበት። አሥራ አንዱ እርከን እዚያው ከሥሩ አለ። ሽማግሌው የወጣቸው ሁለቱም፣ ያልወጣቸው ዘጠኙም።